ሸህ ሁሴን ጅብሪል፦ ከአንደበት ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ስልክ

በሀገራችን መንግሥት በተለወጠ፣ ጦርነት በተነሳ ወይም ድርቅ በገባ ቁጥር ስማቸው የሚነሳ አንድ የወሎ ሸህ አሉ። ሸህ ሁሴን ጅብሪል ይባላሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያውቃቸዋል። ወሎን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ወጣት እንኳ ከግጥማቸው አንድ ሁለት ስንኝ ሰምቶ ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ስንኞቻቸው በብዛት የሚዘዋወሩት በስልክ ነው። በቴሌግራም ይላካሉ፣ በቲክቶክ ይነበባሉ፣ በዩቲዩብ በፎቶና በዜማ ታጅበው ይቀርባሉ።

በዚህ ጽሑፍ የእኚህን ሸህ ሕይወትና የቃላቸውን ጉዞ እንመለከታለን። ይህን ታሪክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁሉም ነገር በስልክ ከተገኘ የታተመ መጽሐፍ ምን ይሠራል? ይጠፋል ወይስ ይኖራል? የሚለው ጥያቄ በየመድረሳው፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየመጻሕፍት መደብሩ ይነሳል። የሸህ ሁሴን ቃል በሦስት ቤቶች አልፏል፦ በሰው አንደበት፣ በታተመ መጽሐፍና በስልክ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ምን እንደጠበቀና ምን እንዳጠፋ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ማየት ይቻላል።

አገራቸው ወረ ሂማኖ

ሸህ ሁሴን የወረ ሂማኖ ሰው ናቸው። ወረ ሂማኖ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ዛሬ መቅደላና ተንታ በሚባሉት ወረዳዎች አካባቢ ያለ ታሪካዊ አገር ነው። በስተ ሰሜኑ የበሽሎ ሸለቆ ይገኛል። ወደ ደቡብ ምዕራብ ለጋምቦን አልፈን ስንሄድ ደግሞ መካነ ሰላም ከተማን የያዘውን ቦረናን እናገኛለን፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ አባይ ይወርዳል። አገሩ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት።

የቦታዎቹ ስሞች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። መካነ ሰላም የግዕዝ ስም ነው። ቱሉ አውሊያ ደግሞ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ ሲሆን የወልዮች ኮረብታ እንደማለት ነው። ወረ ሂማኖም የኦሮሞ ስም ነው። በዚህ አገር ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ቤት ውስጥ ይሰማሉ፤ በአንድ ቤተሰብም ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመዳሞች አብረው ይኖራሉ። የሸህ ሁሴን ግጥም አማርኛውን ከዐረብኛና ከኦሮምኛ ቃላት ጋር እያዋሃደ የሚሄደው ከዚህ አፈር ስለበቀለ ነው።

ወረ ሂማኖ ማመዶች በሚባሉት የሙስሊም ገዢዎች ትውልድ ሥር የኖረ፣ በእስልምናም በፖለቲካም ስሙ የገነነ አገር ነበር። ገዢዎቹ ኢማም የሚል ማዕረግ ይይዙ ነበር። ዑለማዎች በዙሪያቸው ይሰበሰባሉ፣ ደረሳዎች ከሩቅ ይመጣሉ፣ ኪታብ ይቀራል፣ መውሊድ ይከበራል። ሸህ ሁሴን ያደጉት በዚህ ዓይነት ኅብረተሰብ ውስጥ ነው።

የኖሩበት ዘመን

ሸሁ የኖሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወሎ እጅግ ብዙ መከራ ባየበት ጊዜ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 በነገሡ ጊዜ ፊታቸውን ከሁሉ አስቀድመው ያዞሩት ወደ ወሎ ነበር። በዚያው ዓመት የመቅደላን አምባ ያዙ። አምባው ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት ሆነ። የሸዋው ምኒልክ በልጅነታቸው የታሰሩት እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር በሄዱ ጊዜ ወይዘሮዋ ወደ ሸዋ እንዲያልፉ ረዷቸው። ቴዎድሮስም በበቀል በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ገደሉ። የወሎ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ደጋግሞ አይቷል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ፤ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ። በዚያን ጊዜ የወረ ሂማኖው ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነስተው ሚካኤል ተባሉ። የወሎ ሙስሊሞችም ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ታዘዙ። ብዙዎች ተሰደዱ፣ ብዙዎች በድብቅ ሰገዱ፣ አንዳንዶቹም እንደ ሸህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ለተቃውሞ ተነሱ። ይህ ሳያንስ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ገባ። ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፣ እህል ጠፋ፣ ሕዝቡ ረገፈ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የኖረ ሰው በየቀኑ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ነገ ምን ይመጣ ይሆን? ማን ይነግሣል? ልጆቻችን በምን ሃይማኖት ይኖራሉ? የሸህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞች የተደመጡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጡ ነው። ስለ ነገሥታት መምጣትና መሄድ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ረሀብ፣ ስለ ዘመን መለወጥና ስለ ሰው ምግባር መበላሸት ይናገራሉ። የሕዝቡን ፍርሃትና ተስፋ በአጭር ስንኝ አስረው ስለያዙ ከሸሁ በኋላም ከአፍ አልወረዱም።

ስለ ገይብ ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ ይገባናል። ገይብን የሚያውቀው አላህ ብቻ እንደሆነ ዲናችን ያስተምረናል። በዚህ ምክንያት በሸህ ሁሴን ግጥሞች ላይ ዑለማዎችና ሕዝቡ አንድ ዓይነት አመለካከት የላቸውም። ለአላህ ወዳጆች ከሚሰጥ ከራማ የሚቆጥሩት አሉ። የቀደመውን አይተው የሚመጣውን የገመቱ፣ አስተዋይ የዘመናቸው ታዛቢ እንደነበሩ የሚናገሩም አሉ። ትንቢት የሚለው ስም ከናካቴው እንዲቀር የሚሹም አሉ።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ወደዚያ ክርክር አንገባም። ሦስቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ግን አለ፦ የሞተ ሰው ያላለውን ነገር ብሏል ማለት ውሸት ነው። ሸሁን ወልይ ነበሩ ብሎ የሚያምንም፣ ታሪካዊ ገጣሚ ብቻ ናቸው የሚልም፣ ቃላቸው የእርሳቸው መሆኑ እንዲረጋገጥ ይፈልጋል። የመጽሐፍና የስልክ ጉዳይ የሚነሳውም ከዚህ ላይ ነው።

በአንደበት የኖረ ቃል

በሸሁ ዘመን ወሎ ጽሕፈት የማያውቅ አገር አልነበረም። ደረሳው በሉህ ላይ እየጻፈና እያጠበ ቁርኣን ይቀራ ነበር። ፊቅሁ፣ ነሕዉና ተውሒዱ በእጅ በተገለበጡ የዐረብኛ ኪታቦች ይሰጥ ነበር። ወረቀት ከሩቅ በነጋዴ የሚመጣ ውድ ዕቃ ስለነበር አንድ ኪታብ መገልበጥ የወራት ሥራ ነው። ዑለማዎቹ አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የመጻፍ ልምድም ነበራቸው። ይህ ዐጀሚ የሚባለው ጽሕፈት ነው፤ ሸህ ጦልሓ በዚህ መንገድ ከጻፉት መካከል በጣም የታወቁት ናቸው። ሟቹ የታሪክ ምሁር ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ የተሠራው በእነዚህ በየዛውያውና በየቤቱ በተጠበቁ ጽሑፎችና በአዛውንቶች ትዝታ ላይ ነው።

የሸህ ሁሴን የአማርኛ ስንኞች ግን በዋናነት የኖሩት በአንደበት ነው። ቤት እየመቱ በአጭር በአጭሩ የሚሄዱ በመሆናቸው አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ይይዛቸዋል። በሀድራ፣ በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በመንገድ ላይ ይነገሩ ነበር። እረኛውም ነጋዴውም ተሸክሟቸው ይሄዳል። ከወረ ሂማኖ ወደ ቦረና፣ ከቦረና አባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም፣ በሌላውም በኩል ወደ ደሴና ወደ ሸዋ የደረሱት በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ስንመለከተው በአንደበት የሚተላለፍ ነገር ሁሉ የላላ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በአንድ መንደር ውስጥ ግጥሙን የሚያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያ አይደለም ብሎ ያርመዋል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ከየትኛው አባት እንደሰማ ይታወቃል። ሙስሊሞች የሐዲስን ጥበቃ ለኢስናድ የሰጠነው ይህን በማወቅ ነው። ንግግሩ ብቻውን አይበቃም፤ ማን ከማን ሰማው? ተናጋሪው እውነተኛ ነው ወይ? በቃሉ የመያዝ ችሎታው እንዴት ነው? ተብሎ ይጠየቃል። ሰነዱ የተቆረጠ ቃል የቱን ያህል ቢያምር ክብደቱን ያጣል።

የአንደበት ድክመት ሌላ ነው። ተሸካሚዎቹ ይሞታሉ። የቁርኣን መሰብሰብ ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። በየማማ ጦርነት ብዙ ሐፊዞች በተሰዉ ጊዜ አቡበክር (ረ.ዐ) ለዘይድ ቢን ሳቢት ቁርኣኑን በአንድ ላይ እንዲሰበስብ አዘዙት። ዘይድ ራሱ ሐፊዝ ሆኖ ሳለ በቃሉ ብቻ አልተማመነም፤ በጽሑፍ የተገኘውንም ያለ ምስክር አልተቀበለም። ልብና ጽሑፍ አንዱ ሌላውን እንዲያረጋግጥ አደረገ። የማንም ሰው ግጥም ከአላህ ቃል ጋር አይነጻጸርም። የጥበቃው ዘዴ ግን ለሁሉም ትውፊት ትምህርት ይሆናል።

ወደ ማተሚያ ቤት

ሙስሊሙ ዓለም ማተሚያን የተቀበለው ቀስ ብሎና በጥንቃቄ ነው። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ እ.ኤ.አ. በ1727 በኢስታንቡል ማተሚያ እንዲያቆም ሲፈቀድለት ፈቃዱ የዲን መጻሕፍትን አይጨምርም ነበር። በእጅ የተጻፈ ኪታብ ስህተት ቢኖርበት የሚሳሳተው አንድ ኪታብ ነው፤ በማተሚያ የገባ ስህተት ግን በሺህ ይባዛል። ይህን ማመዛዘን ለዛሬው የስልክ ዘመንም ይሠራል። ከጊዜ በኋላ የካይሮው የቡላቅ ማተሚያ ቤት የዲን ኪታቦችን በብዛት ማውጣት ጀመረ፤ እነዚህም በሐጅና በንግድ መንገድ ወደ ሀገራችን ገቡ። በሀገር ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሙስሊም በገዛ ቋንቋው የታተመ የዲን መጽሐፍ ለማግኘት ብዙ ጠብቋል። ሸህ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተሳተፉበት የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው።

ለሸህ ሁሴን ግጥሞች ማተሚያ የተከፈተው ከዚያም በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ስለ መንግሥት መውደቅና መነሳት የሚናገር ግጥም ሳንሱርን ማለፍ አይችልም ነበር። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ከወጣ በኋላ እስላማዊ መጻሕፍትና ጋዜጦች እንደ ጎርፍ መጡ። በእነዚያ በ1980ዎቹ ዓመታት ቦጋለ ተፈሪ በዙ የሸሁን ግጥሞች ሰብስበው ትንቢተ ሸህ ሁሴን ጅብሪል በሚል ርዕስ አሳተሙ። ሸሁን ከወሎ ውጭ ለብዙ አንባቢ ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ነው። በመንገድ ዳር የተገዛ፣ በአውቶቡስ ላይ የተነበበ፣ ሽፋኑ እስኪላቀቅ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መጽሐፍ ነበር።

መታተሙ አንዳንድ ነገሮችን ማስቀረቱን መካድ አይቻልም። በአንደበት ሲነገር የነበረው ዜማ በወረቀት ላይ የለም። አንዱ ስንኝ በተንታ በአንድ ዓይነት፣ በቦረና በሌላ ዓይነት ይባል ከነበረ፣ የታተመው አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። የተናጋሪው ፊት፣ የአድማጩም እርማት ይቀራል።

በምትኩ ግን መጽሐፉ አንድ ትልቅ ነገር ሰጠ፤ እርሱም ቀን ነው። አንድ መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ውስጡ ያለው ነገር አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። የታተመበት ዓመት ሽፋኑ ወይም የውስጥ ገጹ ላይ ተጽፏል፤ ሰብሳቢው ስሙን አኑሮ ኃላፊነቱን ወስዷል። አዲስ አበባ ያለው ቅጂና መካነ ሰላም ያለው ቅጂ አንድ ናቸው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል።

ለሌላ ግጥም ይህ ያን ያህል ላያስፈልግ ይችላል፤ ስለ ነገ ለሚናገር ግጥም ግን የግድ ነው። ነገሩ ከሆነ በኋላ የተነገረ ትንቢት፣ ትንቢት አይባልም። ስለዚህ ስንኙ ከክስተቱ በፊት መኖሩን የሚያሳይ ምስክር ያስፈልጋል። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ለነበሩት ዘመናት ሙሉ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ስለ ጣሊያን ወረራ ወይም ስለ ደርግ የሚናገሩ ስንኞች መቼ እንደተባሉ በመጽሐፉ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ከታተመ ወዲህ ላለው ዘመን ግን ድንበር ሠርቷል። ዛሬ በስልካችን የሚመጣ ስንኝ እዚያ ውስጥ ካለ አለ፤ ከሌለ ያመጣው ሰው ከየት እንዳገኘው የመናገር ግዴታ አለበት።

ወደ ስልክ

ስልክ ያመጣውን መልካም ነገር አለመናገር ግፍ ነው። መካነ ሰላም ያለ ተማሪ መጽሐፍ ለመግዛት ደሴ ወይም አዲስ አበባ መሄድ የለበትም፤ አንድ ኪታብ በፒዲኤፍ ይደርሰዋል። በዐረብ አገር የምትሠራ እህታችን የአገሯን መንዙማ ከሥራ ሰዓቷ በኋላ ታዳምጣለች። የወረቀት ዋጋ በናረበት ጊዜ ለማሳተም አቅም የሌለው ጸሐፊ ሥራውን ለሺዎች ያደርሳል። ሌላም አለ። የታተመው መጽሐፍ ያስቀረውን ዜማና ድምፅ ስልክ መልሶ አምጥቷል። አንድ አዛውንት ስንኙን ሲናገሩ መቅዳት የሚችል መሣሪያ ዛሬ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ።

ችግሩ ስልክ የአንደበትን ፍጥነት እንጂ የአንደበትን ዳኝነት አለመያዙ ነው። በመንደር ውስጥ ስንኙን የሚያርም አዛውንት ነበር፤ በስልክ ውስጥ የለም። ከማን እንደሰማህ የሚጠይቅህም የለም። የተላከው ጽሑፍ ስም የለውም፣ ቀን የለውም፣ ገጽ የለውም። አንድ ክስተት ዛሬ ከሆነ ማታ ላይ ክስተቱን በስም የሚጠራ አዲስ ስንኝ በሸሁ ስም ይመጣል። አንዱ ወገን ድል ለእኛ ተብሎ ነበር ሲል ይለጥፋል፤ ተቃዋሚውም የራሱን ስንኝ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም የሸሁን ስም ይጠቀማሉ።

ይህ ቀልድ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው። ነገር ግን የምንኖረው ሰው በብሔሩና በሃይማኖቱ እየተለየ በሚገደልበት ጊዜ ነው። በአንድ የተከበሩ የሙስሊም ሸህ ስም የተሰራጨ፣ አንዱን ሕዝብ የሚያስፈራራ ወይም ሌላውን በደም የሚያስፎክር የፈጠራ ስንኝ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሸሁ ተነስተው እኔ አላልኩም ሊሉ አይችሉም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በፍቅር የሚጠራቸው ሰው የጠብ መሣሪያ ይሆናሉ። የሐዲስ ዑለማዎች መውዱዕ የሚለውን ስም ለይተው ያስቀመጡት፣ ሰዎች ለፖለቲካና ለወገንተኝነት ሲሉ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ እንኳ ከመዋሸት ወደ ኋላ ስላላሉ ነው። በእርሳቸው ላይ የዋሸ በወሎ ሸህ ላይ ለመዋሸት ምን ያግደዋል?

ሲጠፋ ምን ይቀራል?

ሁለተኛው የስልክ ድክመት በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ለብዙዎች በቴሌግራም የተቀመጠ ኪታብ እንደሌለ ሆነ። መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ ግን በጸሐይ ብርሃንም በኩራዝም ይነበባል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ መቅደላ እንመልሰው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ሲወርድ በዘረፋ ከወሰዳቸው ነገሮች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ነበሩ። ቴዎድሮስ ለቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት ናቸው። ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በሸህ ሁሴን ዘመን፣ በአገራቸው ላይ የሆነ ነገር ነው። ባለቤቱ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ መጻሕፍቱን ሊያያቸው አልቻለም። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቹ በዲጂታል ተቀርጸው በኢንተርኔት ሲቀርቡ ግን የመቅደላ ልጅ በስልኩ ሊያገላብጣቸው ቻለ። ይህ የዲጂታል ቴክኖሎጂ ትልቅ ውለታ ነው።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቁ የኮምፒውተር ዘራፊዎች ያንኑ ላይብረሪ አጠቁት። ሥርዓቱ ወደቀ፤ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና ምስሎች ለረጅም ጊዜ ከአንባቢ ተሰወሩ። ብራናዎቹ ራሳቸው ግን በመደርደሪያቸው ላይ ምንም አልሆኑም። በዓለም ካሉት ታላላቅ ቤተ መጻሕፍት አንዱ እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ሰው የዩቲዩብ ገጽ ላይ ብቻ የተቀመጠው የእኛ ቅርስ ነገ ባለቤቱ ገጹን ቢዘጋው ምን ይሆናል?

መጽሐፍም የማይጠፋ ነገር አይደለም። ይቃጠላል፣ ይዘረፋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ጣሪያ ያፈሰበታል። ስለዚህ ዘይድ ቢን ሳቢት ወዳሳየን መንገድ እንመለሳለን፤ አንዱን ምስክር በሌላው ማረጋገጥ። አንደበት ሕይወቱን ይሰጣል፣ ስልክ ያደርሳል፣ የታተመ መጽሐፍ ይመሰክራል። የታተመ መጽሐፍ ይኖራል ብለን የምናምነው የወረቀት ሽታ ስለምንወድ አይደለም። ከተነገረ በኋላ የማይለወጥ ምስክር የሚያስፈልገን እስከሆነ ድረስ ሥራውን የሚተካለት ስላላገኘን ነው። ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል፤ ለመዝናኛ የሚነበበው ወደ ስልክ ሊሄድ ይችላል። የአማና ሥራው ግን ይቀራል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሸህ ሁሴንን ስንኞች ከአባቶቻቸው የሰሙ አዛውንቶች በተንታ፣ በለጋምቦ፣ በቦረናና በወግዲ ዛሬም አሉ። ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስልካቸውን አውጥተው መቅዳት አለባቸው። ሲቀዱ የተናጋሪውን ስም፣ ከማን እንደሰሙ፣ ቦታውንና ቀኑን አብረው ይያዙ። ይህ ኢስናድ ነው። ያለ እርሱ የተቀዳ ድምፅ ነገ ማንም እንደፈለገ ይተረጉመዋል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ማለትም በሸሁ አገር ላይ ተቀምጧል። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሸሁን ግጥሞች ከነልዩነታቸው፣ ማን የት እንደተናገረው እየገለጸ የሚያወጣ አንድ የታተመ መድበል ለማዘጋጀት ከእነርሱ የተሻለ ቅርበት ያለው የለም። ሲታተምም ቅጂው በወመዘክር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በየመስጂዱና በየመድረሳው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በአንድ ቦታ የተከማቸ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ የተበተነ ግን ይተርፋል። አቅም ያላቸው ወገኖቻችን፣ በውጭ ያሉትም፣ ይህን እንደ ሰደቀቱል ጃሪያ ቢያዩት መልካም ነው።

እያንዳንዳችን ደግሞ ዛሬውኑ የምንጀምረው ነገር አለ። በሸሁ ስም ስንኝ ሲደርሰን ወደ ሌላ ከመላካችን በፊት እንጠይቅ፦ በየትኛው መጽሐፍ ላይ አለ? ማን ከማን ሰማው? መልስ ከሌለ እኛ ጋ ይቁም። የሰማነውን ሁሉ ማውራት ለውሸት በቂ እንደሆነ ከዲናችን ተምረናል።

ሸህ ሁሴን ጅብሪል ርስትም ግምጃ ቤትም አላወረሱንም። ያወረሱን ቃል ነው። የወረ ሂማኖ እረኞችና እናቶች ያንን ቃል ያለ ወረቀትና ያለ መብራት በጦርነትና በረሀብ መካከል ተሸክመው አደረሱልን። እኛ ማተሚያውም ስልኩም በእጃችን እያለ ብናበላሸው ምክንያት የምናቀርብበት የለንም።

አላህ ሸሁንና በወሎ ምድር ዒልምን ጠብቀው ያለፉትን ዑለማዎቻችንን ሁሉ ይዘንላቸው። ለእኛም አማናውን የምንወጣበትን ተውፊቅ ይስጠን። ወላሁ አዕለም።